የእድፍ ሐኪሟና አፈ ቅቤው

ሐኪሟ ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ፣ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ የምታየው አንድ ቁጥር ነበር። ትናንት ስንት ሰው ድረ ገጿን እንደጎበኘ ስልኳ ላይ ያሳያታል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ቀኑን ሙሉ ስታንጎራጉር ትውላለች። ዝቅ ካለ ደግሞ ባሏ ገና ከፊቷ ያውቅና ሻይዋን ይቀዳላታል።

ሐኪም የተባለችው ሕክምና ተምራ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ላውንደሪ ቤት የሠራች ሴት ናት። በላውንደሪው ከፊት ለፊት ልብስ ይቀበላሉ፣ ከመካከል ማሽኖቹ ይዞራሉ፣ ከማሽኖቹ ጀርባ ደግሞ አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ነበረች። ማሽን ያቃተው ልብስ ሁሉ የሚላከው ወደዚያች ክፍል ነው። ቀለም የፈሰሰበት ሸሚዝ፣ ግሪስ የነካው ሱሪ፣ ሰም የተንጠባጠበበት የጠረጴዛ ልብስ። ልብሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሳለች፣ ታሸተዋለች፣ በጥፍሯ ጫፍ ነካ ነካ ታደርገዋለች፣ ከዚያ ደንበኛውን ቀና ብላ አይታ "መቼ ነው የጀመረው?" ትላለች። ልብሱ ሳይሆን ሰውየው የታመመ ይመስል ነበር። ባልደረቦቿ ሐኪሟ አሏት፤ ስሙም እንደ ጥሩ ስፌት ሳይለቅ ቀረ።

ጡረታ ልትወጣ ሦስት ዓመት ሲቀራት አንዲት ደንበኛ ውድ ኮቷን ቀለም አፍስሳበት እያለቀሰች መጣች። ሴትየዋ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች። ኮቱ ዳነ። ባለሙያዋም በምስጋና ፈንታ ቁም ነገር ይዛ ተመለሰች፦ እንዲህ ያለ እውቀት በአንዲት ጠባብ ክፍል ታፍኖ መቅረት የለበትም፣ ድረ ገጽ ልሥራልሽ አለቻት። ስሙን ሐኪሟ ራሷ አወጣችለት፤ "እድፍና መላው"። ከሥራ ስትመለስ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥና በሁለት ጣት ትጽፋለች። በአንድ ገጽ አንድ እድፍ። እንዲህ እንዲህ እያለች አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ሞላች።

አጻጻፏ ደግሞ ግሩም ነበር። መድኃኒቱን ብቻ ጥላ አትሄድም፤ ምክንያቱን ታስረዳለች። እድፍ ሁሉ ዘመድ አለው ትላለች፤ አንዱ የውሃ ዘመድ ነው፣ አንዱ የቅባት፣ አንዱ የቀለም፤ ዘመዱን ያገኘ መድኃኒቱንም አገኘ። እድፍን ከፊት ሳይሆን ከጀርባ በኩል ግፉት ትላለች፤ በፊት በኩል ስለገባ በገባበት በር ይውጣ እንጂ ቤቱን ሁሉ አቋርጦ እንዲያልፍ አታድርጉት። ከጠርዙ ጀምራችሁ ወደ መሃል ሂዱ ትላለች፤ ከመሃል የጀመረ ሰው እድፉን ያሰፋዋል። ሰዎች በጣም የወደዷት ግን በየገጹ ስለምትደግማት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፦ "እድፍን አባብሉት እንጂ አትደብድቡት።"

ድረ ገጹ ደህና በሚሄድበት ዘመን በቀን ሦስት ሺህ ሰው ይገባ ነበር። አንዴማ አራት ሺህ ሁለት መቶ ደርሷል። ሐኪሟ ያን ቀን ባሏን ይዛው ወጥታ በእግራቸው ሲዞሩ ዋሉ፤ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እያየች ይኼኛው ይሆን፣ ያቺኛዋ ትሆን ትል ነበር። ከዚያ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ሺህ ዘጠኝ መቶ። ሺህ አንድ መቶ። በዓመቱ ሦስት መቶ አርባ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና የሆነውን ከሥሩ እንየው፤ ማየትም ያስደስታል። ድሮ አንድ ሰው ሸሚዙ ላይ ወይን ሲደፋበት የኢንተርኔት መፈለጊያው ላይ ይጽፋል። መፈለጊያው ሥራው መንገድ ማሳየት ነበር። ሰፊ ገበያ መሃል ቆሞ "ጨርቅ ፈልገህ ነው? ያ ሦስተኛው ደጅ" እንደሚል ሰው ማለት ነው። ሰውየው ወደ ደጁ ይሄዳል፣ ይገባል፣ ባለቤቱን ያገኛል፣ መውጫው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ዓይኑ ይገባና ሁለት ሦስት ገጽ ሳያነብ አይወጣም። አሁን ግን መንገድ አሳዩ ራሱ ተናጋሪ ሆነ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ጨመሩበት፤ ደጁን ሁሉ አስቀድሞ ገብቶ አይቷል፣ ሁሉም የሚለውን ሰምቷል። ጠያቂው ሲመጣ "ምን አደከመህ፣ እኔ ልንገርህ" ይልና በጥሩ ቋንቋ አቀናብሮ ይነግረዋል። ከመልሱ ሥር የባለ ደጆቹ አድራሻ በትንንሽ ፊደል ተደርድሯል፤ ግን መልሱን በእጁ የያዘ ሰው ምን ሊያደርግ ወደ ደጁ ይገባል? ከመቶ ጠያቂ ጥቂቱ ብቻ ነው የሚገባው። የሐኪሟ ደጅ አልተዘጋም፣ ዕቃዋም አልጎደለም። ሰው ብቻ በሩቁ እየሰማ ይሄዳል።

ሐኪሟ ይህን መላሽ "አፈ ቅቤው" አለችው። ስም ከወጣለት በኋላ ቅናቷ የሚያርፍበት አገኘ። ጠዋት ቁጥሯን ታይና ወደ እሱ ትሄዳለች፤ ልታጠምደው። የዝገት እድፍ ጥጥ ላይ ሲሆን? ይመልሳል። የእንቁላል እድፍ ለምን በሙቅ ውሃ አይታጠብም? ይመልሳል፤ ሙቀቱ እንቁላሉን እዚያው ጨርቁ ላይ ያበስለዋልና። ብዙውን ጊዜ ልክ ነው፤ ያንገበገባትም እሱ ነው። ቢሳሳት ትንቀው ነበር። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ትሕትናው ነው። "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው" ይላታል። እሷ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለአንድም ደንበኛ ጥሩ ጥያቄ ነው ብላ አታውቅም፤ ብዙዎቹ ጥሩ አልነበሩምና።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ነገርን በቀልድ የሚያሳልፍ ሰው። ስልኳን ይዛ ስታጉረመርም ሲያያት፣ የሰው ሚስት ከወንድ ጋር ስታወራ ትያዛለች፣ የእኔዋ ከሣጥን ጋር ስትጣላ ተያዘች ይላል። እሷ ግን አልሳቀችም። አንድ ቀን ጠዋት የሻይ እድፍ ብላ ጠይቃው የሰጣትን መልስ ስታነብ፣ አራተኛው መስመር ላይ እጇ ቀጥ አለ። "እድፍን ማባበል እንጂ መደብደብ አይገባም" ይላል። ለባሏ ጮክ ብላ አነበበችለት። መላሹ ከሺህ ቦታ ያነበበውን ቀላቅሎ እንደ አዲስ የሚያወጣ ነው፤ አንዳንዴ ግን እንደ ሽሮ ወጥ በደንብ ሳይዋሃድ የሚቀር ቅንጣት አለ፣ ያም ቅንጣት የእሷ ነበር። ባሏ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀና፣ ቢያንስ ምርጡን መረጠ አላት። ያን ዕለት ምሳ ለየብቻ በሉ።

ይህ ሁሉ ግን ሰው ስለ ሥራው የሚቀናው ቅናት ነው፤ ያስነጥሳል እንጂ አያስተኛም። አልጋ ላይ የሚጥለው ቅናት ከታናሽ እህቷ ጋር የተያያዘው ነው።

ታናሿ በስድስት ዓመት ታንሳታለች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሦስት ወንበር ያለው ሳሎን አላት፣ ሳቋም ከሳሎኑ በር እስከ መንገዱ ማዶ ይሰማል። በልጅነታቸው አባታቸው ማታ ማታ እንቆቅልሽ ሲጠይቃቸው መልሱን የምታውቀው ትልቋ ነበረች፤ ግን ዓይን አፋር ስለነበረች ለትንሿ ጆሮ ታንሾካሹካለች፣ ትንሿ ጮክ ብላ ትናገራለች፣ አባትም "የእኔ ብልህ" ብሎ ትንሿን ይስማል። እናታቸው ስትሞት ደግሞ ሰማያዊዋን ስካርፍ ለትንሿ ተናዛለች። ያቺ ስካርፍ ስትንቀሳቀስ እንደ ውሃ የምታብለጨልጭ፣ እናታቸው ለክብር ቀን ብቻ የምታወጣት ነበረች። ለትልቋ የደረሳት ካውያው ነው። እጇ ካውያ ስለለመደ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች፤ ግን ካውያው እስከ ዛሬ አልጋ ሥር ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አልሰካችውም።

አንድ ነገር ግን ነበራት፤ ትንሿ እሷን ትጠይቃት ነበር። በሳምንት ሦስት ጊዜ ይደወላል። እትዬ፣ የፀጉር ቀለም ፎጣ ላይ ፈሰሰ። እትዬ፣ የሰውየው ኮሌታ ላይ ቅባት አስነካሁ። ሐኪሟ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ፣ እየተቆጣች፣ ከሥሩ ጀምራ ታስረዳታለች። ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ ገጾች አርባ ያህሉ ከእነዚህ ስልኮች የተወለዱ ናቸው። አሁን ግን ሰባት ሳምንት ሆነ። ትንሿ ለሰላምታ ትደውላለች፣ ስለ ጤና ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ትዘጋለች። ስለ እድፍ አንድ ቃል የለም። ሐኪሟ በኩራቷ አልጠየቀችም። ግን ቆጠረች።

እሑድ ታናሿ ቤት ምሳ ተጠሩ። ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው ልብስ ባለፈው ጊዜ የቲማቲም ወጥ ፈሶበት ነበር፤ አሁን ንጹሕ ነው። ሐኪሟ ጠርዙን አነሳች፣ በጣቷ ዳሰሰች፣ ጀርባውን ገልብጣ አየች። በደንብ የተሠራ ነበር። ማን አስለቀቀልሽ ስትላት፣ ራሴ ነኝ፣ ስልኬን ጠይቄው አለች ትንሿ።

"አነጋገሩ ራሱ ደስ ይላል እኮ እትዬ፤ እድፍን አባብዪው እንጂ አትደብድቢው ይላል።"

ሐኪሟ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"የማን ነው ይሄ አነጋገር?"

"የሱ ነዋ።"

"የእኔ ነው። በየገጹ ጽፌዋለሁ።"

ትንሿ ሳቀች፤ ያንን መንገድ ማዶ የሚሰማውን ሳቅ። "ታዲያ ምናለበት፣ ቤተ ዘመድ ሆናችኋላ" አለች። ባሎቻቸውም ሳቁ። ወደ ቤት ሲመለሱ ሐኪሟ አውቶቡሱ ውስጥ "ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ" አለች። ባሏ ማን ነው የነከሰሽ፣ ሣጥኑ ነው ወይስ እህትሽ ብሎ ጠየቃት። ሁለቱ ግን እሷ ውስጥ አንድ ከሆኑ ቆይተዋል። ሁለቱም መልሱን ከእሷ ሰምተው፣ ጮክ ብለው ተናግረው፣ የሚሳሙት እነሱ ናቸው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሐሙስ ጠዋት በሩ ተንኳኳ፤ ትንሿ ናት፣ ሳሎኗን ዘግታ መጥታለች። በእጇ ፌስታል ይዛለች። ሰላምታም ሳትሰጥ ወጥ ቤት ገብታ ተቀመጠችና ከፌስታሉ ሰማያዊዋን ስካርፍ አወጣች። መሃሏ ላይ አውራ ጣት የምታሳልፍ ቀዳዳ አለ። የቀዳዳው ጠርዝ እንደ ተቃጠለ ላስቲክ ደርቋል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከትናንት በስቲያ ትንሿ ስካርፏን አድርጋ የደንበኛ ጥፍር ስትቀባ አንዲት ጠብታ ቀይ የጥፍር ቀለም ወደቀችባት። ስልኳን ጠየቀች። ስልኳ የነገራትን አንድ በአንድ አደረገች፦ ስካርፏን ገለበጠች፣ ከሥር ነጭ ጨርቅ አነጠፈች፣ ጥጥ የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው አሴቶን ውስጥ ነክራ ከጠርዙ ወደ መሃል ቀስ እያለች ነካካች። አባበለችው። ቀዩ ቀለም ጥጡ ላይ መጣ። ሰማያዊውም መጣ። ቀጥሎ ጨርቁ ራሱ መጣ።

ሐኪሟን መጀመሪያ የተሰማት ሐዘን አልነበረም። የእናቷን ስካርፍ ከፊቷ ተበስታ እያየች፣ ደረቷ ውስጥ አንድ ሞቅ ያለ ነገር ተነሣ፤ ደስታ ነበር። ስልኩን አምጪው አለች። መልሱ አሁንም እዚያው ነበር። አነበበችው። ጀርባው፣ ነጩ ጨርቅ፣ ከጠርዝ ወደ መሃል፣ ሁሉም የእሷ ነው፤ አካሄዱ፣ ቅደም ተከተሉ፣ ማባበሉ። አንድ ነገር ብቻ የለም፣ ጨርቁ አሲቴት እንዳይሆን የሚለው ማስጠንቀቂያ። አፈ ቅቤው በመጨረሻ ተያዘ።

ይህ አሲቴት የሚባለው ጨርቅ አስገራሚ ነገር ነው፤ ሐኪሟም በዚያች ሰዓት እንኳ ለማስረዳት አልሰነፈችም። ከዕፅዋት ነው የሚሠራው። ዕፁን በመድኃኒት ይለውጡትና በአሴቶን ያሟሙታል፤ እንደ ማር ይሆናል። ማሩን በቀጫጭን ቀዳዳ ሲገፉት አሴቶኑ በኖ ይጠፋል፣ የሚቀረው ክር ነው። ስለዚህ ይህ ጨርቅ አሴቶንን ዳግመኛ ሲያገኝ ወደ ተወለደበት ይመለሳል። ሐር ይመስላል፣ ዓይንን ያታልላል፣ አንድ ጠብታ ግን ይበቃዋል።

"እኔ ጋ ብትመጪ ኖሮ ይሄ አይደርስም ነበር" አለች ሐኪሟ፣ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ እየከፈተች። "ጽፌዋለሁ። በግልጽ ጽፌዋለሁ።"

ገጹ ወጣ። "የጥፍር ቀለም" ይላል ርዕሱ። ትንሿ ማንበብ ጀመረች። አንደኛው መስመር፣ ነጭ ጨርቅ ከሥር አንጥፉ። ሁለተኛው፣ ልብሱን ገልብጡ። ሦስተኛው፣ ጥጥ አሴቶን ውስጥ ነክራችሁ ጀምሩ። ከዚያ የጥፍር ቀለም ከምን እንደሚሠራ ረጅም ሐተታ። ከዚያ ሥዕል። ከዚያ አንዲት ተዋናይት መድረክ ልትወጣ አንድ ሰዓት ሲቀራት ቀሚሷን ይዛ እንዴት እንደመጣች።

"የት ነው?" አለች ትንሿ።

"ውረጂ።"

"ወረድኩ።"

"ውረጂ ነው የምልሽ።"

ስለ አሴቶን ሽታና ስለ መስኮት መክፈት አለፈች። ሌላ ሥዕል አለፈች። በመጨረሻ፣ ከሁሉም ሥር፣ እንዲህ ይላል፦ "ጨርቁ አሲቴት ከሆነ አሴቶን ፈጽሞ አታስነኩት። ዓይነቱን ካላወቃችሁ ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛችሁ አሴቶን ውስጥ ንከሩ፤ ከሟሟ ልብሱን ተዉት።"

ትንሿ ወደ ላይ ተመለሰችና ሦስተኛውን መስመር በጣቷ ነካች። "እትዬ፣ እኔ እዚህ ስደርስ ጥጤን ነክሬያለሁ" አለች። ድምፅዋ የክስ አልነበረም፤ ዝም ብላ ያየችውን ነው የተናገረችው። "ለምን መጨረሻ ላይ አደረግሽው?"

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው።

ማስጠንቀቂያው ሲጻፍ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ በቀይ ቀለም፣ ከሁሉ በላይ። የዛሬ አራት ዓመት የኮምፒውተር ባለሙያዋ መጥታ የገጾቹን ቁጥር አሳየቻት። ብዙ ሰው ገብቶ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው የሚቆየው፤ የላይኛውን መስመር ያነብና ጨርቁን አይቶ ይወጣል። ሰው በቆየልሽ ቁጥር መፈለጊያው ገጽሽን ከፍ ያደርገዋል አለቻት። ይህ በእርግጥ እውነት ይሁን አይሁን ከመፈለጊያው ባለቤቶች በቀር የሚያውቅ የለም፤ በዚያ ዘመን ግን የድረ ገጽ ባለቤት ሁሉ ያምንበት ነበር። ምን ላድርግ ስትል፣ ሰው የሚፈልገውን ነገር ታች አድርጊው፣ እስኪደርስ ያነባል አለቻት። ሐኪሟም ሦስት ቀን ተቀምጣ የስልሳ ሦስት ገጽ ማስጠንቀቂያ ከላይ አንስታ ከታች ጣለች። የቆይታው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ደረሰ። የሚገባው ሰውም በእጥፍ ጨመረ። ሦስት ሺህ የምትለው ቁጥር የመጣችው ያኔ ነው። ላውንደሪ ቤት ሳለች ይህን አታደርገውም ነበር። በዚያች ክፍል ውስጥ ከሁሉ አስቀድማ የምትናገረው የተከለከለውን ነበር፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ሰላምታ ከመስጠቷ በፊት "ይሄን አትንኪ" ትል ነበር። ደንበኛ ልብሱ ተበላሽቶ ፊት ለፊት ሲቆም ይታያል። ቁጥር ግን ልብስ ይዞ አይመጣም።

ትንሿ ይህን አንዱንም አታውቅም። ሐኪሟ ዝም ብትል ያልፍ ነበር። ሁልጊዜም እዚያ ነበር ብትል ታምናታለች። አፈ ቅቤው እስከ መጨረሻ ማንበብ ነበረበት ብትል ደግሞ ውሸት እንኳ አይሆንም። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ስካርፏን አነሳች፤ በቀዳዳው የገዛ መዳፏን አየች።

"መጀመሪያ ላይ ነበር" አለች። "ያወረድኩት እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ሰው እንዲቆይልኝ።"

ትቆጣለች ብላ ጠብቃ ነበር ሐኪሟ፤ ቁጣውን ብትሰማ ይቀላት ነበር። ትንሿ ግን ስካርፏን ከእጇ ወሰደችና ጭኗ ላይ እያጠፈች መናገር ጀመረች። ለምን እንዳልደወለች ነገረቻት። አንድ ጥያቄ ጠይቃ ግማሽ ሰዓት መልስ እንደሚመጣባት፣ ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ የሚለው መጀመሪያ እንደሚመጣ። ግን ይህ ብቻ ቢሆን ትለምደው ነበር።

"ይቺን ስካርፍ ባደረግኩ ቁጥር ፊትሽን አየዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አይቼዋለሁ። እና አበላሸኋት ብዬ ላንቺ ልደውል?" አለች። ከዚያ ስልኳን በአገጯ ጠቆመች። "እሱ አይቀናም።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሐኪሟ ቅናቷን በሚገባ የደበቀች ይመስላት ነበር፤ ካውያው አልጋ ሥር፣ እሷ ከበላዩ። ለካ ለእህቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት የተሰቀለ ነገር ኖሯል። አፈ ቅቤውን ስትጠላው የከረመችው ቃሏን ስለወሰደ ነበር። እህቷን የወሰደበት ነገር ግን ቃሉ አልነበረም። እሷ የሌላት አንድ ነገር ነበረው፤ ምንም አይፈልግም።

ትንሿ ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ወጣች። ስካርፏን ቀዳዳው ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጋ አጥፋ፣ ፌስታሉ ውስጥ ከትታ ነው የሄደችው። እርቅም ጠብም አልነበረም።

በማግሥቱ ሐኪሟ ቁጥሯን ሳታይ ቁጭ አለችና ስልሳ ሦስቱን ገጾች አንድ በአንድ ከፈተች። ማስጠንቀቂያውን ከታች ታነሳለች፣ ከላይ ታደርጋለች፣ ቀይ ትቀባለች። ባለሙያዋን ደውላ ጠየቀቻት፤ ባለሙያዋም ሳትደብቅ ነገረቻት። መላሹ ከላይ ያለውን ቶሎ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ምናልባት ማስጠንቀቂያውንም አብሮ ይናገራል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሰው ወደ ገጽሽ የሚመጣበት የመጨረሻው ምክንያት ይጠፋል አለቻት። ሐኪሟ ገብቶኛል አለች። ባሏ ከጀርባዋ ቆሞ ያይ ነበርና፣ አሁን ለሣጥኑ በነጻ ልታጎርሺው ነው ወይ ብሎ ቀለደ። "እሱ በልቶ አይጠግብም" አለችው ሳትዞር፤ "እኔ የፈራሁት ለሚሰማው ሰው ነው።" ግን ይህን ስትል ጥርሷ ገጥሞ ነበር፤ እያንዳንዷን መስመር ስታነሳ ለጣውንቷ ቀሚስ የምትተኩስ ያህል ነበር የሚሰማት።

ቁጥሩ ወደ ሁለት መቶ አሥር ወረደ። መላሹን በየጊዜው ሄዳ ትፈትነዋለች፤ አንዳንድ ቀን አሲቴቱን ከሁሉ አስቀድሞ ይናገራል፣ አንዳንድ ቀን ይረሳዋል። ሲናገር ትናደዳለች። ሲረሳ የበለጠ ትናደዳለች።

ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ከሰዓት በፊት፣ ስልኳ ጮኸ። ትንሿ ናት። የደንበኛ ልጅ ማስቲካ ተፍቶ፣ የእናቲቱ ካፖርት እጅጌ ላይ ተጣብቋል፣ ሴትየዋ ካስክ ሥር ፀጉሯን እያደረቀች ናት፣ ሳትነሣ መድረስ አለበት። ሐኪሟ ልታስረዳ አፏን ከፈተች፤ ማስቲካ የምን ዘመድ እንደሆነ ልትጀምር ነበር። አፏን መልሳ ዘጋችው።

"እሱ ምን አለሽ?" አለች።

ትንሿ ትንሽ አመነታች። ጠይቄዋለሁ ለማለት ፈርታ እንደነበር ከትንፋሽዋ ያስታውቃል። ከዚያ ነገረቻት፦ በረዶ በላስቲክ ጠቅልለሽ አስነኪው፣ ሲደርቅ ፍቀሽ አንሺው ብሏል። ሐኪሟ ስህተት ፈለገች። ካፖርቱ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች፤ ሱፍ ነው። ለሱፍ በረዶ ጥሩ ነው። ስህተት የለውም።

"ልክ ነው" አለች፤ ቃሏን ከጉሮሮዋ እየጎተተች። ቀጥላም በጥፍርሽ እንዳትፍቂው፣ የማንኪያ ጀርባ ይሻላል፣ ክሩን አይነቅልም አለቻት።

"እሱንም ብሏል።"

"ከማን ሰምቶ?"

ትንሿ በስልኩ ውስጥ ሳቀች፤ ከኋላዋ ካስኩ ይጮኻል። ሐኪሟ አልሳቀችም። ቢሆንም ስልኩን አልዘጋችም፤ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ሳበችና ተቀመጠች፣ ስልኩን ወደ ጆሮዋ ይበልጥ አስጠጋች።

"እሺ ሌላስ?" አለች። "ሌላስ ምን አለሽ? አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።"